የግላኮማ ጠብታ ጀነሪኩ ይሠራል ወይ? ጠይቁኝ

ፋርማሲስት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግላኮማ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። ጀነሪክ ማለት ደግሞ ያው መድኃኒት ከዋናው የንግድ ስም (ብራንድ) ውጭ የሚሸጠው ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር፦ ጠብታውን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ዛላታን አጣሁ፤ ላታኖፕሮስት የሚል ሰጡኝ። ያው ነው?
መልስ፦ ያው ነው። ዛላታን የንግድ ስሙ ነው። 0.005% መሆኑን እይ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እኔን ለምን ያቃጥለኛል? ብራንዱ እንዲህ አያደርገኝም ነበር።
መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱ አንድ ቢሆንም አብረውት የሚገቡት ነገሮች ሊለያዩ ይችላሉ። እንዳይበከል የሚጨመረው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ አንዳንዱን ዓይን ያስቆጣል። ካስቸገረህ ያለ እሱ የተሠራም አለ፤ ሐኪምህን ጠይቅ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ብልቃጡ ነው። ስለ ብልቃጥ ማንም አያወራም! አንዱ ገና ሲነኩት ጠብ ይላል፤ ሌላው ድንጋይ ነው። አንዲት እናት በሁለት እጃቸው ሲጨምቁት አየሁ። ሦስት ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ ዓይናቸው ውስጥ አንድም አልገባም። በዚህ አያያዝ 2.5 ሚሊ ሊትር ወር አይደርስም። ከዚያ «ጀነሪኩ አይረባም» ይባላል። ስለዚህ ብራንድ ሲቀየር ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዓይን ግፊታችሁን አስለኩ።

ጥያቄ፦ ላታኖፕሮስት የለም ብለው ቲሞሎል ሰጡኝ። ጀነሪኩ ነው አይደል?
መልስ፦ አይደለም! ሌላ መድኃኒት ነው። በእንባ መውረጃው በኩል ደም ውስጥ ይገባል። አስም ላለበት፣ ልቡ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው አደገኛ ነው። ሐኪም ሳያውቅ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ለግፊት የቱ ጠብታ ይሻላል?
መልስ፦ የማን ዓይን? ግፊቱ ስንት ነው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

አንድ አባል፦ ሁሉም ጠብታ ፍሪጅ ካልገባ ዋጋ የለውም።
ሌላ አባል፦ ማን ነገረህ? የእኔ ቲሞሎል ዓመቱን ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነው።
የመጀመሪያው፦ ለዛ ነዋ ግፊትህ የማይወርደው።
መልስ፦ ተዉ እንጂ! አብዛኛው ላታኖፕሮስት ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ከተከፈተ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ውጭ 6 ሳምንት ይቆያል። ቲሞሎል ፍሪጅ አያስፈልገውም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጀነሪክ ይሠራል?
መልስ፦ ላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሉሚጋን 0.01% ነበር የምጠቀመው። 0.03% የሚል ጀነሪክ አገኘሁ።
መልስ፦ ሉሚጋን የቢማቶፕሮስት፣ የሌላ የግላኮማ ጠብታ፣ የንግድ ስም ነው። መጠኑ ይለያያል፤ ዝም ብለህ አትቀይር። 0.03%ቱ ዓይን የማቅላት ጠባዩም ይብሳል።

ጥያቄ፦ ሕመም ስለማይሰማኝ ትንሽ ባርፍስ?
መልስ፦ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። አታቋርጡ አልኩ እኮ!

ጥያቄ፦ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብታው መግባቱን በምን ልወቅ?
መልስ፦ ጋደም በሉ። ላታኖፕሮስት ከሆነ ከተከፈተም በኋላ ፍሪጅ ማስቀመጥ ይቻላል። ቅዝቃዜው ዓይን ላይ ሲያርፍ ይሰማዎታል። ጉንጭዎን ካቀዘቀዘዎት ደግሞ አልገባም፤ አንድ ይድገሙ።