ሰንጠረዡ ለማን ነው?

ውድ የባዮሎጂ ተማሪ ልጆቼ፣

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው የእህቴ ልጅ ለአረፋ ደሴ መጥታ ሳለ «እትዬ፣ ይህ ሁሉ የኮዶን ሰንጠረዥ ከፈተና ውጭ ለማን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮዶን የዘር ትእዛዝ የሚጻፍበት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው፤ ሰንጠረዡም የእያንዳንዱን ትርጉም ያሳያል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1977 ዓ.ም. ገና ጀማሪ ነርስ ሆኜ ኮረም መጠለያ ነበርኩ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ታቅፋ መጣች። ፊቷ በርቷል። «እግሩ ሞላልኝ፣ አልሐምዱሊላህ!» አለችኝ። ተቀብያት እግሩን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ውኃ ነው። ፀጉሩ ሳስቶ ቀልቷል፤ ቆዳው ተላልጧል። ክዋሽዮርኮር የሚባለው የከባድ ምግብ እጥረት በሽታ ነበር። የተማርኩትን ያህል «የምግብ እጥረት ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እጥረቱንማ አውቃለሁ፣ እህቴ። ሳይበላ እግሩ ለምን ወፈረ ነው የምለው። ከወፈረስ ለምን አይስቅም?»

መልስ አልነበረኝም። አብሮኝ የሚሠራው አንጋፋ ድሬሰር፣ ከደረቀ ሕፃን ክንድ ላይ ደም ሥር አጥቶ የማያውቅ ሰው፣ እርሱም አንገቱን ደፋ። ልጁ ሳምንቱን አልጨረሰም። ሞት በዚያ ሜዳ የየዕለት ነገር ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያቺ እናት ልጇን ቀብራ፣ ለጥያቄዋ መልስ ሳታገኝ መሄዷ ነው።

መልሱ እናንተ በምትጠሉት ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር። የጉበት ሕዋስ ውኃን ደም ሥር ውስጥ የሚይዝ፣ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ትእዛዙ ኒውክለስ ውስጥ በዲኤንኤ ተጽፏል። ሕዋሱ ያን ክፍል ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለብጠዋል፤ ራይቦዞም የሚባለው የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ ግልባጩን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ አጓጓዥ አርኤንኤ የሚያመጣለትን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲኑን መገንቢያ፣ አንድ በአንድ ይቀጣጥላል። ለአንድ አልቡሚን 585 አሚኖ አሲዶች ያስፈልጋሉ። ከ20ው ዓይነት 9ኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ነው የሚያገኛቸው። እነርሱ ሲጎድሉ ሕዋሱ የፕሮቲን ሥራውን ያቀዘቅዛል። የግንበኛው ንድፍ ሙሉ ነበር፤ ድንጋዩ ነው ያልመጣው። አልቡሚን ሲያንስ ውኃ ከደም ሥር እየወጣ እግር ላይ ይጠራቀማል። ለእብጠቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። መፍዘዙና አለመሳቁም የዚያው በሽታ ምልክት ነው። ለእናቲቱ ይህን ያህል ይበቃት ነበር።

ሰንጠረዡ ተፈትቶ ያለቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ነው። እኛ ኮረም ስንቆም ዕውቀቱ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኛ ድንኳን ግን አልደረሰም። ይህ ያንገበግበኛል።

በርትታችሁ አጥኑ አልላችሁም፤ እርሱን ሁሉም ይነግራችኋል። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ነገር ግን ለመልስ ትቸኩላላችሁ፣ ስልካችሁ አሳጥሮ በሰጣችሁ ሦስት መስመር ትረካላችሁ። ያ ስልክ ያናድደኛል። ሆኖም ራይቦዞም ሲሠራ የሚያሳየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያየሁት በዚያችው በእህቴ ልጅ ስልክ ነው። ደጋግሜ አየሁት። ምነው ያኔ በኖረን!

64ቱን ኮዶን ከማነብነብ፣ ከእነዚያ ከምግብ ብቻ ከሚገኙት 9 አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነውን የላይሲንን ሁለቱን ያዙ፤ ኤ-ኤ-ኤ እና ኤ-ኤ-ጂ። እነርሱን ተከትላችሁ ማጀት ግቡ። ማሽላ ላይሲን ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ግን አላቸው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ቆላ ወርዳችሁ ይህን ለአንዲት የቆቦ እናት፣ ስለ ኮዶን ምንም ሳታነሡ፣ ልጇን ታቅፋ እስክትጠይቃችሁ ድረስ አስረዷት። ከጠየቀቻችሁ በኋላ ለፈተናው ተቀመጡ።