በጫማ ሶል ስልክ ቻርጅ አይደረግም፤ ፊልሙን ግን አትጣለው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባህር ዳር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ጫማ ውስጥ ገብቶ በእርምጃ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ነገር እየሠራሁ ነው። ፒቪዲኤፍ የሚባለውን ስስ የፒዞ ፊልም፣ ማለትም ሲጫኑት ወይም ሲያጎብጡት ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፕላስቲክ፣ ዘመድ ከውጭ አመጣልኝ። ሽቦ ሶልደር አድርጌበት ስጫነው መልቲሜትሩ ዜሮ ይላል። ኦሲሎስኮፑ ደግሞ ሳልነካውም ማዕበል ያሳያል። በዳዮድ ብሪጅ (ወዲያና ወዲህ የሚለውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያዞረው) በኩል 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ላይ ባገናኘውም ከሰዓታት በኋላ ምንም ቮልቴጅ የለም። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩን ለመርገም አትቸኩል። የነገርከኝ ሁሉ በደህና ፊልምም ላይ ይደርሳል።

ሶልደር ካደረግክበት ካውያ ልጀምር። ፒቪዲኤፍ ፕላስቲክ ነው። 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ሳይቀልጥም፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የፒዞ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል። ጃፓናዊው ሄይጂ ካዋይ በ1969 እ.ኤ.አ. ይህን ፕላስቲክ ወጥሮና ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰጥቶ ነው ጠንካራ ፒዞ እንደሚሆን ያሳየው። ፋብሪካዎችም ዛሬ ድረስ በዚሁ መንገድ ይሠሩታል። በዚያ ሂደት አንድ አቅጣጫ ይዘው የተሰለፉት ሞለኪውሎች ሙቀት ሲበዛባቸው ሰልፉን ያፈርሳሉ። የካውያህ ጫፍ ደግሞ 300 ዲግሪ ያልፋል።

ጉዳቱን ለማየት መልቲሜትሩን ካፓሲታንስ ላይ አድርገው። የተለመደው ትንሹ ፊልም የሥራ ክፍሉ 12 በ30 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 28 ማይክሮን ነው። እሱ ከሆነ 1.4 ናኖፋራድ አካባቢ ማንበብ አለብህ። ጥቂት ፒኮፋራድ ብቻ ካሳየህ ሽቦው ከብር ቅቡ ጋር አልተገናኘም። መልቲሜትሩን የሚጮኸው የኮንቲኒዩቲ ምልክት ላይ አድርገህ ቢጮህ ሁለቱ ፊቶች ሾርት ሆነዋል። ልብ በል፣ ካፓሲታንሱ ልክ መሆኑ ፒዞው ደህና ነው ማለት አይደለም። ሰልፉ የፈረሰ ፊልምም ካፓሲተርነቱ አይጠፋም። እሱን የሚለየው ስታጎብጠው በኦሲሎስኮፕ ላይ ብቅ የሚለው ሲግናል ነው።

ለሚቀጥለው ፊልም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ማጣበቂያ ያለው የመዳብ ቴፕ ተጠቀም። ሽቦውን መጀመሪያ ቴፑ ላይ ሶልደር አድርግ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቴፑን ፊልሙ ላይ ለጥፈህ በጣትህ እሸው። ፊልሙን በአልኮል ጥረገው እንጂ አሴቶን አታስጠጋው። ፕላስቲኩን ያሳብጠዋል።

አሁን ወደ ዜሮው። ፊልሙ ስታጎብጠው ትንሽ ቻርጅ ይሰጥሃል፣ ዝም ብለህ ጫን አድርገህ ከያዝከው ግን አይጨምርልህም። መልቲሜትርህ በቮልት ላይ 10 ሜጋኦም ገደማ ነው። 1.4 ናኖፋራድን በ10 ሜጋኦም ብታባዛ 14 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ያቺ ቻርጅ በዚያ ፍጥነት በሜትሩ በኩል ትፈስሳለች። መልቲሜትሩ ደግሞ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያነበው። ዞር ብሎ ሲያይ ነገሩ አልቋል።

ኦሲሎስኮፕ ላይ ያየኸው ማዕበል ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ የመብራት 50 ኸርዝ ነው። ፊልሙ እንደ አንቴና ሆኖ ከግድግዳው ሽቦ ይለቅማል። የላፕቶፕህን ቻርጀር ንቀል፣ በተራ ሽቦ ፈንታ ሽልድ ያለው የማይክሮፎን ኬብል ተጠቀም። ፊልሙ ሰፊ ከሆነ ደግሞ እጠፈውና ውጪ የቀረውን ፊት ግራውንድ አድርገው። ብዙው ይጠፋል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ፊልሙ ሙቀትም ይሰማዋል። ሳትነካው ትንፋሽህን እፍ በልበት፣ መስመሩ ይንቀሳቀሳል። የ1 ዲግሪ ለውጥ ብቻ፣ ምንም ጭነት ባልተያያዘበት በዚህ መጠን ፊልም ላይ 7 እና 8 ቮልት ሊፈጥር ይችላል። በጣትህ ተጭነህ «ሠራ!» ስትል ግማሹ የጣትህ ሙቀት ሊሆን ይችላል። በእርሳስ ጀርባ ሞክረው።

ካፓሲተሩ ላይ ልቆይ፣ ፕሮጀክትህ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ፊልሙን በደንብ አጉብጠኸው 20 ቮልት ሰጠህ እንበል። በ1.4 ናኖፋራድ ሲባዛ 28 ናኖኩሎምብ ነው። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ቮልት እስኪደርስ 5 ሚሊኩሎምብ ይፈልጋል። አካፍለው፦ ወደ 180 ሺህ ጊዜ መጫን ነው፣ ያውም ጠብታ ሳይባክን። በሰከንድ አንዴ ብትጫን የምታስገባው 28 ናኖአምፒር ነው። መልቀቁን ብትጨምርበት እጥፍ ይሆናል። ያ ትልቅ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ግን ራሱ በማይክሮአምፒር ሊያፈስ ይችላል። በቀዳዳ እንስራ ውሃ እየቀዳህ ነው።

«ፊልሙን ላብዛው» ማለትህ አይቀርም። ተሞክሯል። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚዲያ ላብ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ 16 ንብርብር የፒቪዲኤፍ ፊልም በጫማ ሶል ውስጥ አስገቡ። በመደበኛ እርምጃ ያገኙት አማካይ 1.3 ሚሊዋት ገደማ ነው። የስልክህ ባትሪ 4000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ቢሆን 15 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። በ1.3 ሚሊዋት ለመሙላት ከ11 ሺህ ሰዓት በላይ፣ ማለትም እንቅልፍ የለ እረፍት የለ ከአንድ ዓመት በላይ መራመድ ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው የምታየው ጫማ ውስጥ ባትሪ ሳይደበቅ አይቀርም። ኤልኢዲ ብልጭ ማድረግ ግን እውነት ነው፣ እሱ በጣም ትንሽ ነው የሚፈልገው።

የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ስልክ ቻርጅ አላደረጉም። ጉልበቱን ለተወሰኑ እርምጃዎች አጠራቅመው ጫማው በሬዲዮ አጭር መለያ ቁጥር እንዲልክ አደረጉ። አንተም አማካሪህን አነጋግረህ ርዕሱን ወደዚያ ብታዞረው እመክርሃለሁ። ለዚህ ኤልቲሲ3588-1 የሚባል ቺፕ አለ። ብሪጁም ቮልቴጅ ማውረጃውም ውስጡ ነው። እስከ 5 ቮልት ገደማ እስኪጠራቀም ጠብቆ 3.3 ቮልት ይሰጣል። መግቢያው ላይ ትልቅ ኤሌክትሮሊቲክ አታድርግ፣ ጥቂት ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ይበቃል። ፊልሙንም ደርበው። አንዷ ትንሽ ቁራጭ ቺፑን ራሱን እንኳ ላታጠግብ ትችላለች።

ጊዜ ካጠረህ ግን የኃይሉን ነገር ተወውና ፊልሙን ሴንሰር አድርገው፣ ሙያው እሱ ነው። እርምጃ ይቆጥራል፣ አንጓ ላይ ሲታሰር የልብ ምት ያነባል። ክራር ላይ ለጥፈህ ወደ አምፕሊፋየር ብታስገባውም ጥሩ ፒክአፕ ይወጣዋል። አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ በቀጥታ አትሰካው። የአርዱዊኖው ግቤት ከ10 ኪሎኦም የማይበልጥ ምንጭ ነው የሚመቸው፣ ፊልሙ ደግሞ ከ5 ቮልት በላይም ከዜሮ በታችም ይዘላል።

መሃል ላይ ኤምሲፒ6002 የሚባል ኦፕ-አምፕ (ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) አስገባ። በአርዱዊኖው 5 ቮልት ይሠራል፣ ውጤቱም ከዚያ አይወጣም። ፖዘቲቭ ግቤቱን በሁለት እኩል ሬዚስተር 2.5 ቮልት ላይ አስቀምጠው። ፊልሙ በኔጌቲቭ ግቤቱና በዚያው 2.5 ቮልት መሃል ይግባ። ከውጤቱ ወደ ኔጌቲቭ ግቤቱ 4.7 ናኖፋራድና 100 ሜጋኦም ጎን ለጎን አገናኝ። 100 ሜጋኦም ካጣህ አሥር ባለ 10 ሜጋኦም በተርታ ቀጥል። ይህ ከ0.34 ኸርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ያሳልፋል፤ እርምጃም የልብ ምትም ይገባበታል። 10 ናኖኩሎምብ ስትሰጠው 2 ቮልት ገደማ ያወጣል። ስትጨርስ ሰሌዳውን በአልኮል እጠበው፣ የፍላክስ ቅሪት (ሶልደር ሲደረግ የሚቀረው ሙጫ መሰል ነገር) ከነዚያ ሬዚስተሮች ይበልጥ ያፈስብሃል።

ጫማው ውስጥ ፊልሙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ከጣቶች ሥር ይሁን። ተረከዝ ላይ ተጨፍልቆ ከመቀመጥ መተጣጠፉ ይሻለዋል። ቀድሞ የሚበጠሰው ፊልሙ ሳይሆን የሽቦው መጋጠሚያ ስለሆነ፣ እሱን ወደማይታጠፈው የሶሉ ጎን አውጥተህ በቴፕ ጠፍረው።