ሰው ወይስ ሮቦት? ለጠፈር ሳይንስ ለሚዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጠፈርን ማሰስ ያለበት ሰው ነው ወይስ ሮቦት በሚለው ጥያቄ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል። ግን ጎራ ከመለየታችሁ በፊት ሥራውን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ምን ይለካል? የት? አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይደርስለታል?

ከሁሉ በፊት የሚወስነው ርቀት ነው። የሬዲዮ ትእዛዝ ጨረቃ ደርሶ ለመመለስ 2.6 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ማርስ ለመድረስ ብቻ ግን፣ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ በማርስ ላይ ያለን ተሽከርካሪ ከምድር ሆኖ መሪ ይዞ የሚነዳ የለም። የቀኑ ትእዛዝ ተጠቃሎ ይላካል፤ የሆነው ነገር የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሸዋ ክምር ውስጥ ስትቀረቀር ጎማዎቿ እንደታዘዙት ይዞሩ ነበር፤ እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ለመውጣት ከአንድ ወር በላይ ፈጀባት።

የሰው ብልጫም እዚሁ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአፖሎ 17 ወደ ጨረቃ የሄደው ጂኦሎጂስት ሃሪሰን ሽሚት ብርቱካናማ አፈር ዓይኑን ሳበው፤ ወዲያው ቆፍረው ናሙና ወሰዱ። እሱና ባልደረባው ዩጂን ሰርናን በሦስት ቀን 110 ኪሎ ያህል ድንጋይና አፈር ሰበሰቡ። ሰው አልባዋ መንኮራኩር ሉና 16 እ.ኤ.አ. በ1970 ከጨረቃ ያመጣችው 101 ግራም ነበር። በማርስ ላይ 5 ሜትር እንዲቆፍር የተላከው ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር መሣሪያ ደግሞ አፈሩ አልጨብጠው ብሎ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ተሞክሮ በ2021 ተተወ። አካፋ የያዘ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ዋጋውንም አስሉ። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ክብደት በሌለበት አጥንቱ በየወሩ ከ1 በመቶ በላይ ሊሳሳ ስለሚችል በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራል። የማርስ ደርሶ መልስ ጉዞ ብቻ 0.66 ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ጨረር እንደሚያስከትል በማርስ ተሽከርካሪዋ ኪውሪዮሲቲ ላይ የተጫነው መለኪያ አሳይቷል። ከጨረቃ ወዲያ ላለው ሥራ ዛሬ ገንዘቡም ጉልበቱም ሮቦት ላይ መዋል አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የሮቦት ሙያ ምን እንደሚጠይቅ አስትሮይዶችን እንድታጠና በተላከችው በሉሲ መንኮራኩር እዩት። ስሟ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ሐዳር ከተገኘችው ድንቅነሽ የመጣ ነው። በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ስትመጥቅ፣ ስፋታቸው ከ7 ሜትር ከሚበልጠው ሁለት ክብ የሶላር ፓኔሎቿ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ቀረ። የሚስበው ገመድ ላልቶ ማጠንጠኛው ላይ በደንብ አልተጠመጠመም። መሐንዲሶቹ አልተቻኮሉም። ምድር ላይ ባለ አምሳያ ሞከሩት፤ እንዳለ መተው ይሻላል ወይስ መሳብ ብለው መዘኑ። በ2022 ዋናውንና መጠባበቂያውን ሞተር በአንድነት እያሠሩ ደጋግመው ሳቡት። ከ360 ዲግሪው ከ350 በላይ ተዘረጋ። አልተቆለፈም፣ ግን ለጉዞው በቂ ሆኖ ጸና። በኅዳር 1 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ሉሲ ድንቅነሽ በተባለችው አስትሮይድ አጠገብ፣ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አለፈች። ካሜራዎቿን ዒላማው ላይ ያቆየችው ራሷ ናት። አስትሮይዷን የምትዞር ትንሽ ጨረቃም ተገኘች፤ በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም ሰላም ተባለች። እኔ ከዚህ ሁሉ ሞተሮቹን አስቀድማለሁ። ንድፍ ስትሠሩ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር አብሮ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን በእጃችሁ ሞክሩት። አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) እና ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ መኪና፣ የዝንባሌ ሴንሰር፣ የጎማ ዙር መቁጠሪያ፣ ካሜራ፣ አሸዋ የተነጠፈበት ወለል ይበቃል። ትእዛዙን 10 ደቂቃ፣ ፎቶውንም 10 ደቂቃ የሚያዘገይ ፕሮግራም ጻፉ። አንዱ ትእዛዝ ይጻፍ፣ ሌላው ይመርምረው፤ መኪናዋን የሚያየው ሦስተኛው ትንፍሽ አይበል።

የጎማው ዲያሜትር 6.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 ዙር 2.04 ሜትር ነው። በሜትር ስትለኩት 1.50 ከሆነ 26 በመቶ ተንሸራትታለች ማለት ነው። የመቆሚያ ገደብ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ለምሳሌ ዝንባሌ 20 ዲግሪ ሲያልፍ ትቁም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ብልሽት ሞተሩ ሲነሣ ብዙ ከረንት ስቦ ቮልቴጁን ማውረዱ ነው፤ ቦርዱ ይጠፋና እንደገና ይነሣል፣ የት እንደደረሰም ይረሳል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ስጡት፣ የተፈጸመውን እርምጃ ቁጥር በማይጠፋ ሜሞሪ አስቀምጡ። ከጠፋ በኋላ የሚነሣ ፕሮግራም በራሱ አይነዳ፤ ቆሞ አዲስ ትእዛዝ ይጠብቅ።

ይህን ስትጨርሱ መዘግየቱን በደርሶ መልስ ወደ 2.6 ሰከንድ አውርዳችሁ ያንኑ መንገድ ድገሙት። ከዚያ አንዳችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ያንኑ ሥራ በእጅ ሥሩ። የሦስቱን ሰዓትና ስሕተት ጎን ለጎን መዝግባችሁ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ክርክሩ ተመለሱ።