አንዴ የሚነሳ፣ አንዴ እምቢ የሚል መኪና፦ ጥያቄና መልስ

የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እስካሁን እንደዚህ ብልሽት ሰው ሲያሰቃይ አላየሁም። መኪናው ጠዋት እምቢ ይላል። ተጎትቶ ጋራዥ ሲደርስ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። መካኒኩ «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልሰዋል። ማታ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። ባትሪ ይቀየራል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ የቤንዚን ፓምፕ ይቀየራል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ የማውቀውን ልመልስ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ይህን ለይታችሁ ያዙ። «አልነሳም አለ» ብቻ ከሆነ የምትነግሩኝ ምንም አልነገራችሁኝም። ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ነገሩ ከባትሪ፣ ከገመድ፣ ሞተሩን አዙሮ ከሚያስነሳው ሞተሪኖና ከቁልፍ አይወጣም። እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ነዳጅና የካንዴላ እሳት ነው የምንፈልገው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የያዝኩት ቶዮታ ቪትዝ ነው። በሳምንት አንድ ሁለቴ ቁልፍ ስሰጠው አንዴ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። አራት አምስት ጊዜ ስደጋግም ይነሳል። ባትሪው አዲስ ነው። ምን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የገለጽከው። አንድ ጠንካራ «ቀጭ»፣ ከዚያ ዝምታ፣ ሲደጋገም መነሳት። ይህ በቶዮታ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሞተሪኖው ላይ ያለው ማብሪያ፣ ሶሌኖይድ የሚባለው፣ ውስጥ የመዳብ ኮንታክቶች (መነካኪያዎች) አሉ። ቁልፍ በሰጠህ ቁጥር ትልቅ ኤሌክትሪክ በእነሱ በኩል ያልፋል። በዓመታት ውስጥ እየተቃጠሉ ይበላሉ። አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ይሳሳል። ያኔ አንዴ ይነካካሉ፣ አንዴ አይነካኩም።

ከመፍታትህ በፊት ግን አረጋግጥ። ማታ የፊት መብራቱን አብርተህ ግድግዳ ፊት ለፊት ቁም። እምቢ ሲል መብራቱን እይ። «ቀጭ» ብሎ መብራቱ እንደበራ ከቀረ ባትሪው ደህና ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን ወደ ሞተሪኖው አላለፈም። ኮንታክቱን ጠርጥር። መብራቱ በጣም ከደከመ ወይም ድርግም ካለ ግን ወደ ባትሪውና ገመዱ ወደሚታሰርበት ተርሚናል ተመለስ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ከደጋገመም የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ተርሚናል ነው።

ኮንታክቱ ብቻውን ይቀየራል። ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ ቢሉህ አትቸኩል። መጀመሪያ አስፈትተህ በዓይንህ እይ። ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ካርቦኑንም አብረህ አሳይ፣ አንዴ ከተፈታ ወዲያ ሁለቱን ማየት ያው ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሪኖ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ባትሪም ቀየርኩ። አሁንም አንዳንዴ ቀስስስ ብሎ ይዞርና ይቆማል። ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጥ። የአንተ ጥያቄ ያሳመመኝ እኔም አንድ ጊዜ በሰው ላይ ስላደረግሁት ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ልክ እንደዚህ እያለ መጣ። ሞተሪኖውን አስቀየርኩት። ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። እንደገና ሌላ አስቀየርኩት። ሰውዬው በዚያ ሚኒባስ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ነው። ላዩ ደህና ይመስላል። ፕላስቲኩ ስር ግን መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመድ ሳልለካ ሞተሪኖ አላስቀይርም።

አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተርህን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራሱ ላይ አስነካ። ገመዱ የታሰረበት ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ ነው የምልህ። ሌላውን ጫፍ ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ያዝ። ሰው ቁልፍ ይስጥልህ። ሞተሩ ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብህ ገመዱ ወይም እስሩ ተበላሽቷል። ጥሩ ገመድ 0.2 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ከዚያ በፖዘቲቩ በኩል፣ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ እንዲሁ ለካ።

እግረ መንገድህን የባትሪውንም ቮልት እይ። አድሮ ሳይነሳ 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው የቀረው። ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላነበብህ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አሳይ። በነገራችን ላይ፣ በእነዚህ ልኬቶች መኪናው ደህና በሚነሳበት ሰዓትም የታመመው ገመድ ብዙ ጊዜ ይጋለጣል። ለዚህ ነው የምወዳቸው።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ነው። ፒ ላይ ሆኖ አንዳንዴ ጭጭ ይላል፣ «ቀጭ» እንኳ የለም። ካምቢዮውን ወዘወዝ ሳደርገው ይነሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ራስሽ አግኝተሽዋል። ካምቢዮው ፒ (ማቆሚያ) ወይም ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱ ሲበላ ወይም ሲላላ መኪናው ማርሽ ላይ ነኝ ብሎ ያስባል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍሬን ይዘሽ ኤን ላይ አስነሺው። ከተነሳ እሱ ነው። ማስተካከል ብቻ የሚበቃበት ጊዜም አለ። በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የኋላ የፍሬን መብራትሽን አሳዪ። የፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ ከተበላሸ መኪናው ፍሬን መያዝሽን አያውቅም፣ አይነሳምም።

ጥያቄ፦ ጠዋት በአንዴ ይነሳል። ከተማ ውስጥ ስሠራበት ውዬ ሲግል፣ አጥፍቼ ወዲያው ላስነሳው ስል ይዞራል ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ምንም እንዳልነበር ይነሳል። ኮምፒውተር ላይ አስገብተው «የብልሽት ኮድ የለውም» አሉኝ።

መልስ፦ ሙቀት የሚያመጣው ብልሽት ከሆነ ሁለት ነገር ነው ቀድሜ የምጠረጥረው። አንደኛው የክራንክ ሴንሰር ነው። ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። እሱ ዝም ሲል እሳትም ነዳጅም አብረው ይጠፋሉ። እምቢ ባለበት ሰዓት ቁልፍ ይዘህ እያዞርክ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስቱን እይ። በብዙ መኪኖች ላይ ደህና ሲሆን ትንሽ ከፍ ይላል። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ሴንሰሩን ጠርጥር። የተለመደው ኮድ ፒ 0335 ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይመዘገብም። «ኮድ የለውም» ማለት «ብልሽት የለውም» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የቤንዚን ፓምፑና ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትለት ማብሪያ፣ ሪሌው ነው። ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በቤንዚኑ ነው። ነዳጅ ሁልጊዜ ጭራሽ ሊያልቅ ሲል የሚሞላ ሰው ፓምፑን ያግላል። የማደያውን ሰልፍ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ከሩብ በታች ባታወርደው ይሻላል። ብዙ ሰው ቁልፍ ከፍቶ የፓምፑን «ዝዝዝ» ያዳምጣል። ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቅ። በርከት ያሉ የቆዩ ቶዮታዎች ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ፓምፑን አያስነሱትም። ሞተሩ ሲዞር ነው የሚሠራው። ድምፅ ስላልሰማህ ብቻ ፓምፕ እንዳትቀይር። እርግጠኛው ነገር የነዳጅ ግፊቱን በጌጅ መለካት ነው፣ እሱም እምቢ ባለበት ሰዓት።

ጥያቄ፦ አላርምና ጂፒኤስ ካስገባሁ በኋላ ነው የጀመረኝ። ግንኙነት ይኖረዋል?

መልስ፦ በጣም! አላርምና ጂፒኤስ ሲገባ መኪናው በርቀት እንዲጠፋ ተብሎ የቁልፉ ወይም የፓምፑ ሽቦ ይቆረጥና መሃሉ ላይ ትንሽ ሪሌ ይገባል። ሽቦው በብየዳ ሳይሆን በመጠምዘዝ ብቻ ተያይዞ ቴፕ የሚጠቀለልበት ብዙ ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይላላል። በሙቀት ደግሞ ቴፑ ይለቃል። ዳሽቦርዱ ስር ገብተህ ከፋብሪካው ያልመጣውን ቴፕ ሁሉ ፈልግ። መኪናውን ከሌላ ሰው የገዛህ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ስውር ማጥፊያ ሊኖርም ይችላል። ደውለህ ጠይቀው። አንድ ስልክ የብዙ ቀን ፍለጋ ያድናል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ በየቀኑ ሲነዳ ደህና ነው። ሦስት ቀን ከቆመ ግን ባትሪው ሞቶ ይጠብቀኛል።

መልስ፦ መኪናው ቆሞ እየጠጣ ነው። ትንሽ መጠጣት ጤነኛ ነው፣ እስከ 50 ሚሊ አምፒር ድረስ። ሂሳቡን እይ። ግማሽ አምፒር የሚጠጣ ነገር በ24 ሰዓት 12 አምፒር ሰዓት ይወስዳል። 45 አምፒር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ በሁለት ቀን ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው።

የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተህ ቴስተሩን አምፒር ላይ አድርግና በገመዱና በባትሪው ራስ መሃል አስገባ። በር ዝጋ። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ። ከዚያ ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀል። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መንገዱን ያሳይሃል። ቴስተሩ መሃል እያለ ግን ቁልፍ እንዳትሰጥ፣ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ የማገኘው በኋላ የተገጠመ የሙዚቃ ቴፕና ድምፅ ማጉያ ወይም የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የማይጠፋ መብራት ነው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። ባትሪው ሲለካ 12.6 ነው፣ ግን ቀን በፀሐይ አልነሳ ይላል። ማታ ይነሳል።

መልስ፦ 12.6 ያለ ሥራ የተለካ ነው። የባትሪው ውስጥ ግንኙነት ከተሰነጠቀ በቴስተር ሙሉ ይመስላል፣ ሞተሪኖው ሲጠይቀው ግን ይከዳል። እዚያ ያለው ሙቀት ባትሪ ይገድላል። ሁለት ሦስት ዓመት ከሆነው በጭነት አስፈትሸው፣ የሚሞቀውን ሰዓት መርጠህ።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ነው፣ የቆየ ዶልፊን ሚኒባስ። አንዳንድ ጠዋት ብዙ ካዞርኩት በኋላ ነው ጭስ አውጥቶ የሚነሳ።

መልስ፦ አድሮ አየር እየገባበት ይመስለኛል። ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ተጫን። በዚህ ከተነሳ የነዳጅ መስመሩ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። የጎማ ቱቦዎቹንና ማሰሪያዎቹን እይ። ካልሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ላይ የሚብስ መሆኑን አስተውል። ያኔ የሚያሞቁትን ካንዴላዎች ነው የምንፈትሸው።

ጥያቄ፦ የእኔ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቻርጁ 70 በመቶ እያለ አልበራም አለ። በማግስቱ በራ።

መልስ፦ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከቆመ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናውን የሚያነቃው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከደከመ ትልቁን የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ አያገናኝም፣ መኪናው ይሞታል። መጀመሪያ እሱን አስለካ። የትልቁን ባትሪ ከፍተኛ ቮልት የሚሸከሙትን ብርቱካናማ ገመዶች ግን በፍጹም እንዳትነካ፣ ያ ያልሠለጠነ ሰው የሚገባበት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሞተሪኖውን በመዶሻ መምታት፣ በካቻቢቴ ማገናኘት ይቻላል ይላሉ። ላድርገው?

መልስ፦ ቀስ አድርጎ በእንጨት መታ መታ ማድረግ ካርቦኑ ያለቀ ሞተሪኖን ለአንድ ጊዜ ያስነሳዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነው። በካቻቢቴ ማገናኘቱን ግን ልጄ፣ ተው። ማርሽ ውስጥ ከገባ መኪናው ተነስቶ ይሄዳል፣ አንተ ደግሞ ስሩ ነህ። በዚህ የተጎዳ ሰው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ያ ሲግል የሚያስቸግረው የእኔም ነው። ክራንክ ሴንሰሩን ትናንት ቀየርኩ። ነገ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ልሂድ?

መልስ፦ ዛሬ ሁለት ሰዓት ያህል ንዳው። በደንብ ሲግል አጥፋው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተህ አስነሳው። ይህን አራት ጊዜ ድገም። አንዴ እንኳ ካመነታ አትሂድ። ደህና ከሆነ ሂድ፣ ግን ጎሐ ጽዮን ላይ ቁም። ቁርስህን ብላ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አስነሳ። እምቢ ካለ እዚያ ከተማ አለ፣ ሰው አለ። ከዚያ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ደጀን እስክትወጣ ድረስ አታጥፋው።