አሮጌ የመስኮት ቀለም በደረቁ አይፈግፈግ

ፒያሳ ካለ አሮጌ ቤት የጻፉልኝ እናት የእንጨት መስኮታቸው አረንጓዴ ዘይት ቀለም እየተላጠ መርገፉን፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውም ቅርፊቱን ወደ አፉ ሲወስድ ማየታቸውን ገልጸው፣ ለእንቁጣጣሽ ከማስቀባታቸው በፊት ቀለሙ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት እንዳለበት በምን እንደሚያውቁ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ቀለም ቀቢው የብርጭቆ ወረቀቱን እንዳያነሳ ያስቁሙልኝ። ሊድ ያለበት ቀለም በደረቁ ሲፈገፈግ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ወለሉና መጫወቻው ላይ ያርፋል፤ ሕፃን ደግሞ ከዋጠው ሊድ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ከትልቅ ሰው እጅግ ይበልጣል።

ሊድን በዓይን የሚለይ ባለሙያ የለም። የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ ላይ ቢወስነውም፣ አሮጌ መስኮት ከዚያ በፊት የተቀባ ብዙ ድርብርብ አለው። ስለዚህ ቦታውን በውኃ አርጥበው፣ በስለት እስከ እንጨቱ ድረስ ቆርጠው ሁሉንም ድርብ የያዘ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይውሰዱ፤ የላይኛው ንጹሕ ሆኖ የታችኛው ሊድ ያለበት ሊሆን ይችላልና። ቀለም በመለወጥ የሚያሳዩት ፈጣን መመርመሪያዎች ብዙ ሊድ ሲኖር እንጂ ጥቂቱን ስለማይለዩ፣ «የለም» ቢሉ አይመኑባቸው። ልጁ ቅርፊቱን ከቀመሰ ውጤቱን ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ወስደው ከደም ሥር በሚወሰድ ደም ያስመርምሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሊድ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል፤ ከዚያ በታች ያለውም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ሊድ ከተገኘ፣ ልጁ ከቤት ወጥቶ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ ቀለሙ ውኃ እየተረጨበት በስፓቱላ ብቻ ይነሣ፤ በእሳት መላጥ መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከር። ጠንክሮ የያዘውን ቦታ በአዲስ ቀለም መሸፈን ይቻላል። መስኮቱ ከመቃኑ ጋር የሚፋተግበት ጠርዝ ግን ቢቀባም በተከፈተ ቁጥር አቧራ ስለሚያወጣ፣ እስከ እንጨቱ መነሣት ወይም በአዲስ እንጨት መተካት አለበት፤ አብዛኛው ቀቢ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው። ቅርፊቱ በወፍራም ከረጢት ታስሮ ይወገድ እንጂ አይቃጠል፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይነካ በሳሙና ውኃ ይወልወል፣ የመወልወያው ጨርቅም ይጣል።

ቀቢውም ጭንብል አድርጎ ይሥራ፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድም ልብሱን ይቀይር። እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ለብዙ ዓመታት በአቧራው እንደተሸፈንኩ ልጆቼን አቅፌያለሁ።