ከእንጦጦ እስከ ቀበና፦ ስለ ጎርፍና ናዳ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሳይገባ በአዲስ አበባ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በካዛንቺስ ከሚኖሩ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን የሚሰጠው በፍሳሽና በተፋሰስ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዝናብ ድሮም ነበረ። አሁን ግማሽ ሰዓት ሲጥል መንገዱ ወንዝ የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዝናቡ የሚያርፍበት ነገር ስለተለወጠ ነው። አንድ ሄክታር ቦታ እንውሰድ፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ ይጣልበት። ቦታው ሣርና ዛፍ የለበሰ ከሆነ ወደ ታች የሚለቀው ውሃ በሰከንድ 40 ሊትር ገደማ ነው። ያው ሄክታር ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ሲሆን 125 ሊትር ይለቃል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ግን ለድሮው ሰፈር የተለካ ነው፤ እሱም በፌስታል፣ በሃይላንድ ጠርሙስና በግንባታ አሸዋ ይደፈናል። ሰኔ ሳይገባ ቱቦ ማስጠረግ ጥሩ ነው፤ የወጣውን ደለል ቱቦው አፍ ላይ ከምሮ መሄድ ግን ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይጨምረዋል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። ታዲያ ጎርፉ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ አፈሩን የሚይዘው ከዛፉ ይልቅ ከዛፉ ሥር መሬቱን የለበሰው ነገር ነው። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቱን ይበትናል፤ ደቃቁ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው መስረጉን ትቶ በላዩ ይንሸራተታል። የሚከላከለው ሣርና የረገፈ ቅጠል ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈውም ቅጠል ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። ያን ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች መውቀስ ነውር ነው፤ ሌላ ገቢ ሳይኖራቸው «ተዉ» ማለት ልጆቻቸውን ጾም አሳድሩ ማለት ነው። ባሕር ዛፉ ራሱ በምኒልክ ዘመን የተተከለው አገር በቀሉ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ስላለቀ ነው።

መፍትሔው ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መቁረጥ አይደለም፤ ተዳፋቱ ለክረምት ራቁቱን ይቀራል። በየተራ እያሳሱ በመሃሉ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ መትከል ይሻላል። ቦረቦር በጀመረበት ቦታ ደግሞ የድንጋይ ክትር ይሠራል። ከፍታው ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሁለቱ ክንፎቹ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ገብተው ይቀበራሉ፤ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሆን ይደረደራሉ። በብዛት የሚበላሸው መሃሉን ከክንፎቹ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ሲረሳ ነው። ያኔ ውሃው በጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል፤ ክትሩም ባልተሠራ የሚያሰኝ ጉዳት ያመጣል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የተፈጥሮ አደጋ ሀብታም ድሃ አይመርጥም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2004 ዣን የተባለው የአውሎ ነፋስ ማዕበል ሄይቲ ውስጥ ወደ 3,000 ሰው ገደለ፤ አብዛኛው ጎናይቭ በምትባል አንዲት ከተማ ነው። በዚያው ደሴት፣ በዚያው ማዕበል፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የሞቱት 20 ገደማ ናቸው። ሄይቲ ተራሮቿ ለከሰልና ለእርሻ ተራቁተዋል። ሁሉንም በዛፍ ማሳበብ ግን ልክ አይሆንም፤ ጎናይቭ ከተራራው ሥር በሜዳ ላይ ናት፣ ማስጠንቀቂያም ለሕዝቡ በወቅቱ አልደረሰም።

ድህነትም የማይቀር ፍርድ አይደለም። ባንግላዴሽ፣ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ስትባል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በአንድ ማዕበል ከ300,000 በላይ ሰው አጥታለች። በዚያው አቆጣጠር በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመታት የሞቱት ከ3,000 እስከ 4,000 ናቸው። በመሃሉ አገሪቱ ሀብታም አልሆነችም። ከፍ ያሉ የኮንክሪት መጠለያዎች ሠራች፤ በየመንደሩ ማስጠንቀቂያ የሚያዳርሱ በጎ ፈቃደኞች አሠለጠነች። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ዝናቡ ከከተማው በላይ በደጋው ወርዶ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው የደረሰው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከላይ ያየ ሰው ለታች ሰው የሚነግርበት መንገድ ቢዘረጋ ብዙ ነፍስ ይተርፍ ነበር።

ጥያቄ (ከቀበና)፦ ቤታችን ወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሰፈሩ አዋጥቶ የድንጋይ ግንብ ሊያስገነባ ነው። ምን እንቆጣጠር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውሃውን ተቆጣጠሩ። ግንብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው የታቆረ ውሃ ነው። 3 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አናቱ ቢሞላ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 4.5 ቶን ያህል ይገፋል፤ የአፈሩ ግፊት ገና ሳይደመር።

ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላ። ገረጋንቲ አይሁን፤ ደቃቅ ስላለው ይደፈናል። ጥቁር አፈርማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ ማስወጫ የፒቪሲ ቱቦዎች 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑራቸው፤ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ይቀመጡ፤ የታችኛው ረድፍ ከውጭው መሬት ትንሽ ከፍ ይበል። ግንበኛ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሲደፍነው ዓይናችሁ እያየ አትለፉት። የግንቡ እግር ስፋት ከከፍታው ግማሽ በታች አይውረድ፤ መሠረቱም ወንዙ ከሚቦረቡረው ጥልቀት በታች ይውረድ። የጣሪያና የኩሽና ፍሳሽ ከግንቡ ጀርባ እንዳይፈስ በቱቦ ይወሰድ። ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ ያለ መሐንዲስ ስሌት እንዳትጀምሩ።

ከተሠራ በኋላ ዶፍ እየወረደ ቀዳዳዎቹ ደረቅ ከሆኑ ተደፍነዋል ማለት ነው። ግንቡ መሃሉ ካበጠ ወይም አግድም ከተሰነጠቀ ከሥሩም ከላዩም ሰው ይነሳ።

ጥያቄ (ከግንፍሌ)፦ ናዳ ምልክት አለው?

መልስ፦ አለው። ግቢ ውስጥ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ፣ ድንገት አልዘጋ ያለ በር፣ ጠርቶ ይፈስ የነበረ ምንጭ መደፍረስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ባለቀበት ናዳ፣ የመጀመሪያው የቀበራቸውን ሊያወጡ ከሄዱት ብዙዎቹ በሁለተኛው ተቀበሩ። ወገንን ሊያድን የሮጠ ሰው እንዲህ መቅረቱ ልብ ይሰብራል። ናዳ ላይ ሲቆፈር አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ተዳፋቱን ብቻ ይጠብቅ፤ ቆፋሪው ጥቂት ይሁን፤ ሽሽት ወደ ጎን ነው፣ ቁልቁል አይደለም። ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስልክ 939 አስቀድሞ ይደወል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ተከራይ ነኝ፤ ግንብ አልሠራም። በትንሽ ብር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባዶ ማዳበሪያ ሰብስብና እስከ ግማሽ ብቻ አፈር ሙላው፤ ሙሉ ከሆነ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፣ ውሃ በመሃል ያልፋል። ፕላስቲክ አንጥፈህ እንደ ብሎኬት አቀያይረህ ደርድር። ውሃ ደፍ ሳይደርስ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ። ጉልበት ያልደረሰ ፈጣን ውሃም ሰው ይጥላል፤ ልጅ አዝለህ አትሻገር።

ጥያቄ (ከቀበና)፦ ላይ ሲዘንብ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለን?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ብንል፣ ጎርፉ በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ 50 ደቂቃ ነው፤ 3 ሜትር ከሄደ 33 ደቂቃ። አዛውንትና ሕፃን ለማውጣት ይበቃል፤ ዕቃ ለማውጣት አይበቃም። ከላይ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ሁለት ሰው፣ እናንተ ዘንድ ሁለት ሰው ስልክ ተለዋወጡ፤ አንዱ ቢተኛ ሌላው ያነሳል። ድልድዩ እግር ላይ ቢጫና ቀይ መስመር ቀቡ። እድሩ ጡሩምባ ካለው ለሞት ከሚነፋው የተለየ አነፋፍ ተስማሙ። ቢጫው ሲነካ የታመመና ያረጀ ሰው ቀድሞ ወደተመረጠው ቤት ይሂድ፤ ቀዩ ሲነካ ማንም ለዕቃ አይመለስ። ሰኔ ሳይገባ አንዴ በቀን፣ አንዴ በማታ ሞክሩት።