ምናባዊ ታሪክ ከእውነት መሸሻ ነው?
«ምናባዊ ታሪክ መሸሻ ነው እንጂ ስለ ሰው ምን ይነግረናል?» ላልከው፣ እኔ አልስማማም። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ምናባዊ ታሪክ የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1916 በሰሜን ፈረንሳይ በሶም ግንባር ተዋግቷል፤ የልብ ጓደኞቹንም በዚያ ጦርነት አጥቷል። ከዓመታት በኋላ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ከውሃው ሥር የሙታን ፊት የሚታይበት ረግረግ አለ። ያ ቦታ ከሶም በኋላ ካየው የሰሜን ፈረንሳይ ምድር የተወሰደ ነገር እንዳለበት ራሱ በደብዳቤ ጽፏል። በታሪኩ ያለው ጠንቋይ ፈጠራ ነው፣ ጭቃው ግን የእውነት ነው።

ቋንቋም ያው ነው። ስናዝን «ሆዴ ባባ»፣ ስንራራ «አንጀቴን በላው» እንላለን። አንጀቱ የተበላ ሰው የለም (ደግነቱ!)፣ ግን ስሜቱ ሰውነታችን ላይ የት እንደሚያርፍ ቃሉ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ፣ ቶልኪን መጀመሪያ የፈጠረው ቋንቋዎቹን ነው፤ ታሪኩ የመጣው ለእነሱ መኖሪያ ዓለም ሲፈልግ ነው።